«ከእኛስ ማን ይገዛዋል?»

ባለፈው ዓመት አንድ የኢንቨስትመንት ፈንድ (ከባለሀብቶች ገንዘብ ሰብስቦ ኩባንያ የሚገዛና መልሶ የሚሸጥ) ሰው ሲቀጥር ቃለ መጠይቅ ካደረጉት ሦስት ሰዎች አንዱ ነበርኩ። ከፊታችን የተቀመጠው አመልካች በአንድ አምራች ድርጅት ፋይናንስ ክፍል 14 ዓመት የሠራ፣ የመጨረሻዎቹን 6 ዓመታት ክፍሉን በዳይሬክተርነት የመራ ባለሙያ ነው። በ3 ሰዓት ውስጥ የሠራው የኤክሴል ሞዴል ግድግዳው ላይ በፕሮጀክተር ይታያል። የሀብትና ዕዳ መግለጫው ተመዛዝኗል፣ የእርጅና ቅናሹ በንብረት ዓይነት ተለይቶ ተሰልቷል፣ እኛ በሰጠነው ፋይል ውስጥ ያላስተዋልነውን የድምር ስህተት እንኳ አግኝቶ አርሞታል። ከመካከላችን አንዷ ተነስታ የመጨረሻዋን ዓምድ፣ አምስተኛውን ዓመት፣ በጣቷ አሳየችው። እዚያ ያለችው ሴል «6» ትላለች። ኩባንያው በዚያ ዓመት የዓመታዊ ትርፉን ስድስት እጥፍ አውጥቶ ይሸጣል ማለት ነው። «ከእኛስ ማን ይገዛዋል?» አለችው።

ዝም አለ። ትንሽ አሰበና «ኩባንያው ትርፋማ ከሆነ ገዢ አይጠፋም» ብሎ መለሰ። ቦታውን አላገኘም።

ያ ዝምታ ከዚያን ቀን ወዲህ አልለቀቀኝም። ሰውየው ሥራውን ጠንቅቆ ያውቃል፤ ከእኛ ከጠያቂዎቹ ይበልጥ የሚያውቀው ነገርም ብዙ ነው። ግን በ14 ዓመት ውስጥ ይህን ጥያቄ አንድም ሰው ጠይቆት አያውቅም። በሠላሳዎቹ መጨረሻና በአርባዎቹ መጀመሪያ ከድርጅት ፋይናንስ ወደ ፕራይቬት ኢኩቲ፣ ማለትም ኩባንያ ገዝቶ ወደሚሸጠው የፈንድ ሥራ፣ ለመሻገር የሚሞክሩ፣ አዲስ አበባም ሆነ ናይሮቢ የማውቃቸው ሰዎች፣ የሚሰናከሉት እዚሁ ላይ ነው። ሞዴል መሥራት ይማራሉ፣ ኮርስ ይወስዳሉ፣ ሲቪያቸውን ያሳምራሉ፤ ሴሏ ግን ያለ መልስ ትቀራለች።

የሒሳብ ሰው ገና ሲማር የሚቀበለው አንድ ግምት አለ፤ ድርጅቱ ሥራውን ይቀጥላል የሚል። በጀት ሲያወጣ፣ ከባንክ ጋር ሲደራደር፣ ማሽን ሲያስመጣ ድርጅቱ ነገም የዚያው ባለቤት እንደሆነ አድርጎ ያስባል። ፈንድ ግን ሲቋቋም የሚያበቃበት ቀን በውሉ ላይ ይጻፋል። በተለመደው አሠራር ዕድሜው 10 ዓመት ነው፤ በመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት ይገዛል፣ በቀሪዎቹ ይሸጣል፣ ገንዘቡን ለሰጡት ይመልሳል። «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» የሚባለውን እዚህ ላይ የምወስደው በቀጥታ ነው፤ የግዢው ሥር ሽያጩ ነው።

ጊዜም ራሱ ዋጋ አለው። 10 ሚሊዮን ዶላር ገብቶ 25 ሚሊዮን ቢወጣ፣ በ5 ዓመት ከሆነ ተመላሹ በዓመት 20 በመቶ ያህል ነው። ገዢ ጠፍቶ 7 ዓመት ቢፈጅ 14 በመቶ፣ 8 ዓመት ቢፈጅ 12 በመቶ ይሆናል። ኩባንያው አልተበላሸም፣ የተገኘው ገንዘብም ያው ነው፤ ሦስቱ ዓመታት ብቻ የፈንዱን ውጤት ከጥሩ ወደ ተራ አወረዱት። ስለዚህ ሽያጩን ለአምስተኛው ዓመት የሚተው ሰው ዋጋውን ራሱ አልሰላውም።

ትርፉ የት ገባ?

ለፈተና የሰጠነው ፋብሪካ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ነው፤ ዱቄትና ብስኩት ያመርታል። ቁጥሮቹ ግን በየቀኑ ከሚያጋጥሙን የራቁ አይደሉም። የዓመት ሽያጩ 800 ሚሊዮን ብር፣ የተሸጠው ዕቃ ወጪ 600 ሚሊዮን፣ ከወለድ፣ ከግብርና ከእርጅና ቅናሽ በፊት ያለው ትርፍ (በሙያው አነጋገር ኢቢትዳ) 136 ሚሊዮን ብር ነው። ባለቤቱ በሚቀጥለው ዓመት ሽያጩን በ25 በመቶ እናሳድጋለን ይላል። ያኔ ኢቢትዳ 170 ሚሊዮን ይደርሳል። የፋይናንስ ዳይሬክተር ይህን ሲያይ ደስ ይለዋል፤ በጀቱ ተመታ ማለት ነው።

አሁን ገንዘቡን እንከተል። አከፋፋዮች በዱቤ ወስደው የሚከፍሉት በአማካይ በ90 ቀን ነው፤ ስለዚህ 197 ሚሊዮን ብር በደንበኛ እጅ ተይዟል። ስንዴ፣ ስኳር፣ ዘይትና ማሸጊያ አንዴ ከጠፋ ስለማይገኝ ፋብሪካው የ120 ቀን ክምችት ይይዛል፤ ይህም ሌላ 197 ሚሊዮን ነው። አቅራቢዎች ደግሞ ከ30 ቀን በላይ አይታገሡም፤ ከእነሱ የሚገኘው ፋታ 49 ሚሊዮን ብቻ ነው። በአጠቃላይ 345 ሚሊዮን ብር በሥራ ማስኬጃ ታስሯል፤ የሽያጩ 43 በመቶ መሆኑ ነው።

ሽያጩ በ25 በመቶ ሲያድግ የታሰረውም አብሮ በ25 በመቶ ያድጋል፤ ተጨማሪ 86 ሚሊዮን ብር ይፈልጋል። ከ170 ሚሊዮኑ ላይ ይህን እንቀንስ፤ 84 ቀረ። የእርጅና ቅናሹ 30 ሚሊዮን፣ ወለዱ 25 ሚሊዮን ስለሆነ ግብር የሚከፈልበት ትርፍ 115 ሚሊዮን ነው፤ 30 በመቶው 34.5 ሚሊዮን ይሆናል። ወለዱ 25 ሚሊዮን ይወስዳል፣ የማሽን እድሳቱ 30 ሚሊዮን። ዓመቱ ሲዘጋ ካዝናው 5.5 ሚሊዮን ብር ጎድሎበታል። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚባለው እንዲህ ላለው ትርፍ ነው።

እዚህ ላይ ነው ከድርጅት ፋይናንስ የመጣ ሰው ከወጣቱ ተንታኝ የሚበልጠው፤ የሚያሳዝነኝም ይህንን ብልጫውን አለማወቁ ነው። የዱቤው ቀን ከ90 ወደ 60 ቢወርድ፣ በ1 ቢሊዮን ብር ሽያጭ ላይ 82 ሚሊዮን ብር ይለቀቃል። ይህን በኤክሴል ማስላት ቀላል ነው። አከፋፋዩን እንዴት እንደሚያስከፍሉት የሚያውቀው ግን ሠርቶት ያየ ነው፤ የትኛው ደንበኛ ቅናሽ ሲሰጠው በ15 ቀን ይከፍላል፣ የትኛውን ያለ ባንክ ዋስትና ማስወሰድ አይገባም፣ ለሽያጭ ሠራተኛው ኮሚሽን ሲሸጥ ሳይሆን ገንዘቡ ሲሰበሰብ ቢከፈለው ምን ይለወጣል። ሲቪ ላይ «የፋይናንስ ክፍሉን መርቻለሁ» ከሚል ዓረፍተ ነገር ይልቅ «ተሰብሳቢን ከ90 ወደ 62 ቀን አውርጃለሁ» የሚለው የሚነበበው ለዚህ ነው።

የማን ትርፍ ነው?

ሁለተኛው መሰናክል ኦዲት የተደረገ ቁጥርን እንዳለ መቀበል ነው። ኦዲተር የሚያረጋግጠው ሒሳቡ በደንቡ መሠረት መሠራቱን ነው። ገዢ የሚፈልገው ሌላ ነው፤ ባለቤቱ ከወጣ በኋላ ይህ ትርፍ ይደገማል ወይ?

የብስኩት ፋብሪካው ሕንፃ በባለቤቱ በግል ስም ነው፤ ኪራይ አይከፈልበትም። በገበያ ዋጋ በወር 1.2 ሚሊዮን ብር ቢያወጣ በዓመት 14.4 ሚሊዮን ነው። ባለቤቱ ደመወዝ አይወስዱም፤ እሳቸውን የሚተካ ሥራ አስኪያጅ ግን በወር 300 ሺህ ብር ቢጠይቅ 3.6 ሚሊዮን ይሆናል። በዚያ ዓመት ሁለት አሮጌ ከባድ መኪኖች ተሸጠው የተገኘው 4 ሚሊዮን ደግሞ ዳግም አይመጣም። ሦስቱ ሲደመሩ 22 ሚሊዮን ናቸው። የ136 ሚሊዮኑ ኢቢትዳ 114 ሚሊዮን ሆነ። በ6 ሲባዛ የኩባንያው ዋጋ ከ816 ሚሊዮን ወደ 684 ሚሊዮን ወረደ፤ 132 ሚሊዮን ብር በአንድ ገጽ ማስታወሻ ጠፋ።

ይህንን ማስታወሻ የሚጽፈው ማነው? ብዙ ጊዜ ፋብሪካ ውስጥ የኖረ ሰው ነው። የባለቤቱ ወንድም በደመወዝ መክፈያው ላይ መኖሩን፣ የቤቱ መኪና ነዳጅ በድርጅቱ መሞላቱን፣ ጋሼ ስልክ ሲደውሉ ብቻ የሚከፍሉ ሦስት ደንበኞች መኖራቸውን የሚጠረጥረው እሱ ነው። የመጨረሻው በተለይ ከባድ ነው፤ ጋሼ ሲወጡ ደንበኛውም አብሮ ሊወጣ ይችላል።

ከዚያ በሀብትና ዕዳ መግለጫው ላይ ዕዳ ተብለው ያልተጻፉ ዕዳዎች አሉ። ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድ፣ ያልተያዘ የስንብት ክፍያ፣ ያላለቀ የሊዝ ክፍያ፣ ዕቃው ሳይደርሳቸው የከፈሉ ደንበኞች ገንዘብ። በታክስ አስተዳደር አዋጅ 983/2008 መሠረት ማጭበርበር ባይኖር እንኳ ባለሥልጣኑ እስከ 5 ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ስሌቱን ሊያሻሽል ስለሚችል፣ ገዢው የቀደመውን ባለቤት 5 ዓመት አብሮ ይገዛል። ከሁሉ የከፋው ዋስትናው ነው። የፋብሪካው ካርታ ባለቤቱ ለከፈቱት ሆቴል ብድር ባንክ ተይዞ ይገኛል። በሒሳቡ ላይ አይታይም፤ ሆቴሉ ሲወድቅ ግን የሚሸጠው ፋብሪካው ነው። ባንክ ሄዶ የመያዣ ዝርዝሩን በጽሑፍ መጠየቅ አንድ ደብዳቤ ነው የሚፈጀው፤ ሰው ግን ይረሳዋል።

ዶላሩ

ኢትዮጵያ ውስጥ የሚሠሩት አብዛኞቹ ፈንዶች ገንዘባቸው ዶላር ወይም ዩሮ ነው፤ የሚሰጧቸውም እንደ ብሪቲሽ ኢንተርናሽናል ኢንቨስትመንት፣ ኖርፈንድና ኤፍኤምኦ ያሉ የልማት ፋይናንስ ተቋማት ናቸው። ብር ያገኘ ኩባንያ ለእነሱ አተረፈ የሚባለው ብሩ ተመንዝሮ ሲወጣ ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ በወራት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ በፊት 10 ሚሊዮን ዶላር በ57 መንዝሮ 570 ሚሊዮን ብር ያስገባ ፈንድ እናስብ። ኩባንያው በብር በእጥፍ አድጎ ድርሻው 1.14 ቢሊዮን ብር ቢሆን፣ ዶላሩ 120 ብር በገባበት ቀን ያ ሁሉ 9.5 ሚሊዮን ዶላር ነው። ማኔጅመንቱ ደክሟል፣ ፋብሪካው ሰፍቷል፣ ባለሀብቱ ግማሽ ሚሊዮን ዶላር ከስሯል። በሞዴሉ ውስጥ የምንዛሪ መስመር የሌለው አመልካች ይህንን አያየውም፤ የሰውየው ሞዴልም መስመሩ አልነበረውም።

እ.ኤ.አ. በ2014 የአሜሪካው የኢንቨስትመንት ኩባንያ ኬኬአር በአፍሪካ የመጀመሪያ ቀጥተኛ ኢንቨስትመንቱን ዝዋይ ላይ ጽጌረዳ ወደሚያመርተው አፍሪፍሎራ ሲያስገባ፣ አበባው የሚሸጠው አውሮፓ ነበር፤ ገቢው በውጭ ምንዛሪ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት 8 ማይልስ የተባለው ፈንድ የገባበት አዋሽ ወይን ግን ዋና ገበያው እዚሁ አገር ቤት ነው። ሁለቱም ኢንቨስትመንቶች በአንድ ዘመን፣ በአንድ አገር ተደረጉ፤ በምንዛሪ በኩል ያለባቸው ሥጋት ግን የተለያየ ነው። አገር ውስጥ ለሚሸጥ ኩባንያ ሊጠየቅ የሚገባው፣ ከውጭ የሚገባውን በመተካት ዋጋውን ከዶላሩ ጋር ከፍ ማድረግ ይችላል ወይስ የዋጋ ቁጥጥር ይይዘዋል የሚለው ነው። ሌላም አለ። ከውጭ የገባ ካፒታል በገባበት ጊዜ በወጉ ካልተመዘገበ፣ በመውጫው ቀን ዶላር የሚጠየቅበት ሰነድ የለም። ይህ የጠበቃ ሥራ ይመስላል፤ በተግባር ግን ወረቀቱን የሚይዘው የፋይናንስ ኃላፊው ነው።

ገዢዎቹ

ወደ ሴሏ ልመለስ። ጥያቄው ሲጠየቅ ትክክለኛው መልስ የአንድ ሰው ስም መጥራት አልነበረም። እያንዳንዱ ገዢ ምን እንደሚፈልግ መናገርና ከዚያ ወደ ኋላ ቆጥሮ ዛሬ ምን መሠራት እንዳለበት ማሳየት ነው።

ባለቤቱ ራሳቸው መልሰው ሊገዙ ይችላሉ። ውሉ ላይ መጻፉ ቀላል ነው፤ ግን በምን ገንዘብ? ከላይ እንዳየነው እያደገ ያለ ፋብሪካ ካዝናው ባዶ ነው፤ ባንክም በቂ መያዣ ሳያገኝ አያበድርም። እንዲህ ያለው መብት አቅም ከሌለው ሰው ላይ የተያዘ ተስፋ ነው።

ከውጭ የሚመጣ ተመሳሳይ አምራች የተሻለ ዋጋ ይሰጣል፤ የሚፈልገውም ብዙ ነው። በዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ የተሠራ የሦስት ዓመት ኦዲት፣ የተመዘገበ የንግድ ምልክት፣ ንጹሕ የፍሳሽ አወጋገድ፣ ውዝፍ የሌለበት ግብር። የደረጃው አዋጅ ቁጥር 847/2006 ከወጣ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ዛሬም ሽግግሩን በወረቀት ብቻ የጨረሱ ኩባንያዎች አሉ፤ ገዢ ሲመጣ የቋሚ ንብረት መዝገባቸው ከፋብሪካው ወለል ጋር አይገጥምም።

ሌላ ፈንድ ሊገዛ ይችላል፤ እሱም ያንኑ ጥያቄ ይጠይቃል። አራተኛው የአክሲዮን ገበያው ነው። በካፒታል ገበያ አዋጅ 1248/2013 መንገዱ ተከፍቶ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ሥራ ጀምሯል፤ መጀመሪያ የተመዘገበውም ወጋገን ባንክ ነው። ለመውጫ ግን ገና ልጅ ነው ብዬ አምናለሁ። ትልቅ ድርሻ በአንድ ጊዜ ለመሸጥ በቂ ገዢና በቂ የዕለት ግብይት ይፈልጋል። በዚያ ላይ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር የሆነ ኩባንያ አስቀድሞ ወደ አክሲዮን ማኅበር መለወጥ አለበት፤ ይህንን በአምስተኛው ዓመት ሳይሆን በሁለተኛው መጀመር ይሻላል።

ከዚህ ሁሉ ጋር ውሉ አለ። ፈንዱ ሲሸጥ ባለቤቱም አብረው እንዲሸጡ የሚያስገድድ አንቀጽ ከሌለ፣ 30 በመቶ ድርሻ ለብቻው የሚገዛ ብዙም አይገኝም። በግል ማኅበር ውስጥ ደግሞ ድርሻን ለውጭ ሰው ለማስተላለፍ የሌሎቹ አባላት ይሁንታ ያስፈልጋል። ፊርማው ቀን ሁሉም ይስቃል፤ ይህ አንቀጽ «በኋላ እናየዋለን» ይባላል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

በየትኛው በር?

መካከለኛ ዕድሜ ላይ ያለ ሰው የሚሸነፍበት ሌላው ምክንያት በር መሳሳት ነው። አንድ 100 ሚሊዮን ዶላር የያዘ ፈንድ በተለመደው 2 በመቶ የአስተዳደር ክፍያ በዓመት 2 ሚሊዮን ዶላር ያገኛል። ከዚያ ላይ ቢሮ፣ ጉዞ፣ ኦዲት፣ ያልተሳካ ግዢ የጠበቃ ሒሳብና ደመወዝ ይወጣል። ስለዚህ የኢንቨስትመንት ቡድኑ ጥቂት ሰው ነው፤ ክፍት ቦታ በየዓመቱ አይወጣም፤ ሲወጣም ወጣት ተንታኝ ይፈለጋል፤ ሌሊት ሞዴል የሚሠራ። የ40 ዓመት ሰው ከ26 ዓመት ልጅ ጋር በኤክሴል ፍጥነት ቢወዳደር ይሸነፋል፤ ከአለቆቹ ጋር ቢወዳደር ደግሞ ግዢ ፈጽሞ አያውቅም ይባላል።

የፈንዱ የራሱ ፋይናንስ ክፍል ቀላሉ በር ነው። ከባለሀብቶች ገንዘብ መጥራት፣ የሩብ ዓመት ሪፖርት፣ ንብረት ዋጋ ማስላት፤ ሥራው ከለመደው ጋር ይቀራረባል። የተከበረ ሥራ ነው፤ ግን ከዚያ ወደ ኢንቨስትመንት ቡድኑ የሚያሻግር ድልድይ እምብዛም የለም። እሻገራለሁ ብሎ የሚገባ ሰው ይህን አውቆ ይግባ። የኦዲት ድርጅቶች የግብይት አማካሪ ክፍልም አለ፤ ኩባንያ ለሚገዙና ለሚሸጡ ሒሳቡን የሚመረምር ነው፤ ሁለት ዓመት እዚያ ቢሠራ ብዙ ኩባንያዎችን ከውስጥ ያያል፤ ደመወዙ ግን ከዳይሬክተርነቱ ያነሰ ሊሆን ስለሚችል ቤተሰብ ያለው ሰው አስቀድሞ ከቤቱ ጋር ይነጋገር።

እኔ የምመክረው ሦስተኛውን ነው፤ ፈንዱ በገዛው ኩባንያ ውስጥ የፋይናንስ ኃላፊ ሆኖ መግባት። ፈንዶች ከግዢ በኋላ ቶሎ ከሚቀይሯቸው ወይም ከሚያጠናክሯቸው ቦታዎች አንዱ ይህ ነው፤ እዚያ የ14 ዓመት ልምድ ዋጋ አለው። አንዱን ኩባንያ ከግዢ እስከ ሽያጭ ያደረሰ የፋይናንስ ኃላፊ ለሚቀጥለው ፈንድ የኢንቨስትመንት ወይም የኩባንያ ማሻሻያ ቡድን ለመግባት ማንም የማይጠራጠረው ማስረጃ ይዟል።

የመጀመሪያዎቹ 100 ቀናት ሥራ በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት የ13 ሳምንት የጥሬ ገንዘብ ትንበያ ይሠራል፤ በየሰኞው የታቀደውና የሆነው ጎን ለጎን ይጻፋል። የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በሁለት ነገር ነው፤ ዕቃ ከውጭ ለማስመጣት ባንክ ለሚከፍተው ኤልሲ (የክፍያ ዋስትና ሰነድ) ማስያዣው የሚወጣበት ቀን ይረሳል፣ የሽያጭ ክፍሉ «ይከፍላል» ያለው ደንበኛ ሁሉ በትንበያው ላይ እንደከፈለ ተደርጎ ይጻፋል። ከዚያ የወሩን ሒሳብ መዝጊያ ከ25 ቀን ወደ 10 ማውረድ ይመጣል። ይህ የሚሳካው ሰው በማስመሸት አይደለም፤ የመጋዘን ቆጠራውን ከወሩ መጨረሻ በፊት በመጀመርና ያልደረሱ ደረሰኞችን በግምት በመመዝገብ ነው። ሦስተኛ፣ በምርት ዓይነት ትርፉን ለይቶ ማሳየት። ከ40 ዓይነት ብስኩት ስንቱ ኪሳራ እንደሆነ ሲታይ ባለቤቱ መጀመሪያ ይቆጣሉ። የሠሩት በእጃቸው ነውና ሊከበርላቸው ይገባል፤ ቁጥሩን በቦርድ ፊት ከማቅረብ በፊት ለብቻቸው ሄዶ ማሳየት የተሻለ ነው። ይህን ያልተረዳ ጎበዝ ሒሳብ ሠራተኛ በስድስት ወር ሲባረር አይቻለሁ።

ስለ ክፍያ

ሰው ወደዚህ ሙያ የሚመጣው ስለ ትርፍ ድርሻው ሰምቶ ነው። በተለመደው ውል ባለሀብቶች ዋናውንና በዓመት 8 በመቶ ካገኙ በኋላ የትርፉ 20 በመቶ ለአስተዳዳሪዎቹ ነው። 100 ሚሊዮን ዶላር የያዘ ፈንድ 80 ሚሊዮን ቢያተርፍ 16 ሚሊዮን ይደርሳቸዋል። ከዚያ ላይ 3 በመቶ የተመደበለት ሰው 480 ሺህ ዶላር ያገኛል፤ ግን ከሰባት፣ ስምንት ዓመት በኋላ፣ ፈንዱ 8 በመቶውን ካለፈ፣ እሱም እስከዚያ ከቆየ። የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ በዚህ አይታቀድም።

በተገዛው ኩባንያ ውስጥ የሚገባ ሰው ብዙ ጊዜ በሽያጩ ቀን የሚከፈል ቦነስ ቃል ይገባለታል። ከመፈረሙ በፊት የሚጠይቃቸው ነገሮች ግልጽ ናቸው። ቦነሱ የሚሰላው በብር ነው ወይስ በዶላር? ዕዳ ከተቀነሰ በኋላ ነው ወይስ በፊት? ሽያጩ በ5 ዓመት ፈንታ በ8 ቢሆን ምን ይሆናል? ያለ ጥፋቱ ቢሰናበት የሠራባቸው ዓመታት ይታሰቡለታል? ከፊል ሽያጭ ሽያጭ ነው? የኢንቨስትመንት ቡድኑ አባል በእራት ላይ «አይዞህ፣ እናስብልሃለን» ቢለው ደስ ሊለው ይችላል፤ በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።

ሁለት ገጽ

ለሰውየው ውጤቱን በስልክ የነገርኩት እኔ ነኝ። ምን ማንበብ እንዳለበት ጠየቀኝ። መጽሐፍ አልጠቆምኩትም። የመሥሪያ ቤቱን ሰነድ ሳይነካ፣ በናይሮቢ ገበያ የተመዘገበ አንድ አምራች፣ ለምሳሌ ኢስት አፍሪካን ብሪወሪስ፣ በነፃ ከሚያወጣቸው ዓመታዊ ሪፖርቶች የሦስት ዓመቱን ወስዶ ሁለት ገጽ እንዲጽፍ ነገርኩት፤ ገንዘቡ የት ይታሰራል፣ ትርፉ ውስጥ የማይደገመው የቱ ነው፣ ምንዛሪው በ30 በመቶ ቢወርድ ምን ይሆናል፣ ማን ይገዛል። ከዚያ ያንኑ ለብስኩት ፋብሪካው እንዲደግም። በሞዴሉ ላይም አራት ነገር እንዲያይ፤ የመሸጫው ብዜት (ዋጋውን ለማግኘት ትርፉ የሚባዛበት ቁጥር) ከመግዣው መብለጥ የለበትም፣ ዋጋ ላይ የጨመረው የዋጋ ንረት በወጪውም ላይ መኖር አለበት፣ ዕድገት ያለ ሥራ ማስኬጃ ገንዘብ አይጻፍም፣ የጠበቃና የኦዲተር ወጪ ከሁለቱም ጫፍ ይቀነሳል።

ከስድስት ሳምንት በኋላ ፋይሉን ላከልኝ። አምስተኛው ዓመት ላይ ያለችው ሴል አሁን 5 ትላለች። ከሥሯ ሠንጠረዥ አለ፤ አራት ገዢዎች፣ እያንዳንዱ የሚፈልገው፣ ዛሬ ያለው፣ የጎደለው፣ የጎደለውን ለመሙላት የሚፈጀው ወር። በመጨረሻው መስመር ላይ እንዲህ ይላል፦ «የፋብሪካው ካርታ ከሆቴሉ ብድር መያዣነት ይለቀቅ፤ 9 ወር፤ ከመፈረማችን በፊት ይጀመር።»